«ካመቸሽ… እዚያው!» — አሥራ ስድስት ቀን በሮም

እስኪ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ለትምህርት ጉብኝት ለሁለት ሳምንት አውሮፓ ትሄዳላችሁ ብትባሉ መጀመሪያ የምታስቡት ምንድን ነው? ጫማ? ፎቶ? ኮሎሲየም? ውሸት! እውነቱን እንነጋገር ከተባለ መጀመሪያ ወደ ልባችን የሚመጣው «ልመለስ ወይስ ልቅር?» የሚለው ነው። እኛ ባናስበው እንኳ የሚያስብልን አይጠፋም። ለእኔ ያሰበችልኝ እናቴ ናት።

ቦሌ ላይ የተሰጠችኝ ወረቀት

የዛሬ ሁለት ዓመት የሦስተኛ ዓመት የሥነ ሕንፃ ተማሪ ነበርኩ። ሮም ውስጥ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ለአጭር ኮርስ ሲጋብዘን ከክፍላችን ስምንት ልጆች ተመረጥን። አብሮን የሚሄደው መምህራችን «ተመላሾች ናቸው» ብሎ ለእያንዳንዳችን ፈረመ። ሲፈርም አጠገቡ ነበርኩ። ስምንት ወረቀት፣ ስምንት ፊርማ። «እጄን አደከማችሁት» ብሎ ሳቀ። ያቺን ሳቁን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ቦሌ ላይ ታዲያ እናቴ አቅፋ ሳመችኝና ጆሮዬ ሥር «የኔ ልጅ፣ ካመቸሽ… እዚያው…» አለችኝ። «ቅሪ» የሚለውን ቃል አላወጣችውም። እጄ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት ሸጎጠችልኝ። ስምና ስልክ ቁጥር አለባት። የጎረቤታችን እህት ነች፤ ሮም ከገባች ሃያ ሁለት ዓመቷ።

እናቴን እንዳትፈርዱባት። እንጀራ ጋግራ ሸጣ ነው ያስተማረችኝ። ከሰፈራችን ወጥተው የቀሩ ልጆች የወላጆቻቸውን ጣራ ሲያስቀይሩ ታያለች። የእኛ ጣራ ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ሦስት ባልዲ ይፈልጋል። ከኢኮኖሚ ሊቅ በላይ የሚያስረዳት ባልዲው ነው።

«ፒያሳ፣ ፒያሳ፣ ፒያሳ!»

ሮም ስትገቡ መጀመሪያ የምትደነግጡት ቋንቋው የምታውቁት ስለሚመስላችሁ ነው። ቦርሳ ቦርሳ ነው። ፓስታ ፓስታ ነው። ጎሚስታውም ላቫጆውም እዚያው አለ። በየአደባባዩ ግድግዳ ላይ «ፒያሳ» የሚል ተለጥፏል። ከመካከላችን አንዱ ቀልደኛ ልጅ አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ በወያላ ድምፅ «ፒያሳ! ፒያሳ! አንድ ሰው!» እያለ ሆዳችን እስኪታመም አሳቀን። መርካቶ ማለት ገበያ፣ ፖፖላሬ ማለት የሕዝብ ቤቶች መሆኑን ያወቅሁት እዚያ ነው። አዲስ አበባን ተወልጄ ባደግሁባት በሃያ አንድ ዓመቴ ሌላ አገር ሄጄ ስሟን ተረጎምኳት ማለት ነው።

ቡናው ላይ ግን ጉድ ሆንን። ማኪያቶ ስንል ያመጡልን በሁለት ጉንጭ የሚያልቅ፣ ወተት በጭልፋ ጫፍ የነካው ጥቁር ቡና ነው። አንዷ ዘመናዊ ነኝ ብላ «ላቴ» ስትል አንድ ብርጭቆ ነጭ ወተት ቀረበላት። ላቴ እኮ በእነሱ ቋንቋ ወተት ማለት ነው! ባንኮኒው ላይ ቆማችሁ ስትጠጡና ወንበር ይዛችሁ ስትቀመጡ ደግሞ ዋጋው አንድ አይደለም። ይህንን ያወቅነው ስምንታችንም ተቀምጠን ሒሳብ ከጠየቅን በኋላ ነው።

ትኬትም አለ። የአውቶቡስ ትኬት መግዛት ብቻ አይበቃም፤ ስትሳፈሩ ማሽን ውስጥ ከትታችሁ ማስመታት አለባችሁ። ቀልደኛው ልጅ ሳያስመታ ኪሱ ከተተውና ተቆጣጣሪ ያዘው። ቅጣቱ ሃምሳ ዩሮ አለፈ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን ያህል «ፒያሳ» አላለም።

ደግነቱ ውኃ በነፃ ነው። በየመንገዱ አፍንጫ የሚመስል ጎበጥ ያለ ቧንቧ የተገጠመለት የብረት ምሰሶ አለ፤ ቀንና ሌሊት ቀዝቃዛ ውኃ ይፈስበታል። ከተማው ውስጥ ከሁለት ሺህ በላይ ናቸው። የቧንቧውን አፍ በጣታችሁ ስትደፍኑት ከላይ ባለችው ቀዳዳ ውኃው ወደ ላይ ይፈናጠራል። ቀና ብላችሁ መጠጣት ነው። እኛም ምሳችንን በዳቦና በዚህ ውኃ ስንገፋው ከረምን።

የተነሣ ሐውልት ቦታ

ጠዋት ጠዋት ትምህርት፣ ከሰዓት በኋላ በእግር እየዞርን ንድፍ መሣል ነበር። ፓንቴዮን ውስጥ አንገቴ እስኪቆለመም ቀና ብዬ ቀረሁ። ጉልላቱ 43 ሜትር ስፋት አለው፤ ኮንክሪት ነው፤ ውስጡ ግን አንድም የብረት ፌሮ የለበትም። ይኸው 1900 ዓመት ገደማ ቆሟል። አናቱ ክፍት ነው። ዝናብ ሲዘንብ ዝም ብሎ ይገባል፤ ወለሉ ላይ ባሉት ትናንሽ ቀዳዳዎችም ይወርዳል። ወዲያው የቤታችን ባልዲዎች ትዝ አሉኝና ብቻዬን ሳቅሁ። አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይሥል የነበረው ከሁላችንም ዝምተኛው ልጅ «ምነው?» አለኝ። ነገርኩት። አልሳቀም። «እኛም ቤት አምስት ነው» አለኝ።

በአምስተኛው ቀን መምህራችን ፖርታ ካፔና ወደሚባል አደባባይ ወሰደን። «ምን ታያላችሁ?» አለን። ሣር፣ ዛፍ፣ መኪና፣ ሁለት አነስ ያሉ ጥንታዊ ዓምዶች። «እሺ፣ ምን አታዩም?» ሲለን ነገሩ ገባን። የአክሱም ሐውልት የቆመው እዚህ ነበር! 24 ሜትር ቁመት፣ 160 ቶን ገደማ ክብደት ያለው ሐውልት በ1929 ዓ.ም. ተጭኖ መጣ፤ ከዚያም እዚህ ተተከለ። ፊት ለፊቱ ያለው፣ ዛሬ የፋኦ ዋና መሥሪያ ቤት የሆነው ትልቅ ሕንፃ፣ ያኔ ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ታስቦ የተጀመረ ነው። ጣሊያን በ1939 ዓ.ም. በሰላም ውሉ ላይ የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ እመልሳለሁ ብላ ፈረመች። 18 ወሩ ስንት ዓመት ፈጀ መሰላችሁ? 58 ዓመት! በመሃል በ1994 ዓ.ም. መብረቅ መታው። ከዚያ በሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን በ1997 ዓ.ም. አክሱም ገባ፤ በ2000 ዓ.ም. ቆመ። የዚያ ዓይነት ድንጋይ ተመልሶ አገሩ ከገባ ሰው የማይገባበት ምክንያት ምንድን ነው… አልኩ በሆዴ። ወዲያው ደግሞ ወረቀቷን በኪሴ ነካኋት።

መምህራችን ቀጠለ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ማታ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በዚህ አለፈ። ሐውልቱ ያኔ እዚሁ ነበር። ከሞሮኮው ሯጭ ተለይቶ የወጣው በዚህ በኩል ነው፤ ከዚህ እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ብዙም አይርቅም። ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ጨረሰ። «እንሩጠው?» አለ ቀልደኛው። ምን አለፋችሁ፣ ስምንታችንም ቦርሳችንን አንግተን ሮጥን! ቱሪስቱ ሌባ የምናባርር መስሎት መንገድ ለቀቀልን። ቅስቱ ሥር ስንደርስ ግማሾቻችን እንስቃለን፣ ግማሾቻችን እናለቅሳለን።

በማግሥቱ ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ቆመን መምህራችን ከትልቁ ቤተ ክርስቲያን ኋላ ወዳለው በጣቱ አመለከተ። እዚያ ቫቲካን ውስጥ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የምትባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። «ለትምህርት ሮም የመጣችሁት እናንተ የመጀመሪያ እንዳይመስላችሁ» አለን። አባ ተስፋ ጽዮን በፈረንጆች 1548 እና 1549 በግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን እዚሁ ከተማ አሳትመዋል። ከመቶ ዓመት በኋላ አባ ጎርጎርዮስ ለጀርመኑ ሉዶልፍ ግዕዝና አማርኛ ያስተማሩት እዚሁ ነው። «ታዲያ ተመለሱ?» ብሎ አንድ ሰው ጠየቀ። «አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ» አለ መምህራችን። ሁላችንም ዝም አልን። የጠየቀው ያ ዝምተኛው ልጅ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት

ወረቀቷ ላይ ባለው ቁጥር ደወልኩ። «ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነው የምወጣው፤ ሐሙስ ተርሚኒ ጠብቂኝ» አለችኝ። ተርሚኒ ትልቁ ባቡር ጣቢያ ነው። ሐበሻ የሚቀጣጠረው በዚያ አካባቢ ነው። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ እነማን መሰሏችሁ? በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች! ከአደባባዩ አጠገብ መታሰቢያ ሐውልታቸው አለ። በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ የተዘረፈውን የይሁዳ አንበሳ እዚያ ሥር አቁመውት ነበር። በሰኔ 1929 ዓ.ም. ኤርትራዊው ወጣት ዘርዓይ ደረስ አንበሳውን ሲያይ ተንበረከከ፤ ሊያስነሱት ሲሉ ሰይፉን መዘዘ። በ1937 ዓ.ም. ሲሲሊ ውስጥ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል እንደተዘጋበት ሞተ። አንበሳው ግን ተመልሶ ለገሃር ቆመ።

እኔ ይህንን ሁሉ እያሰብኩ ስቆም «የኔ ቆንጆ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እትዬ ናት። ነጠላ የለበሰች መስሎኝ ስፈልጋት ግራጫ ካፖርት ለብሳለች። አገላብጣ ሳመችኝና የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ሽንኩርት ስንት ገባ?» የሚል ሆነ። ስነግራት አፏን ያዘች። እሷ ያወቀችው የሽንኩርት ዋጋ ሃያ ሁለት ዓመት አልፎታል።

«ኮሎሲየም ውስጥ ገባሽ?» አለችኝ። «አዎ እትዬ፣ እርስዎስ?» «እኔማ በአውቶቡስ ሳልፍ አየዋለሁ» አለች። ሃያ ሁለት ዓመት! ሥራዋ የአረጋውያን አሳዳጊነት ነው፤ አብራቸው ታድራለች፣ ታጥባቸዋለች፣ ታበላቸዋለች። እስካሁን ሦስት አሮጊቶች እጇ ላይ አርፈዋል። «አሮጊቷ ስትሞት ልጆቿ ያለቅሳሉ፤ እኔ አልቅሼ ሳልጨርስ ሻንጣዬን አነሣለሁ» አለችኝ። ለካ አሳዳሪዋ ስትሞት ሥራውም ቤቱም ባንድ ቀን ነው የሚያልቀው።

ከዚያ ቀጥ ብላ አየችኝ። «እናትሽ ደውላልኛለች። ቅሪም አልልሽም፣ ሂጂም አልልሽም። ፎቃችን ላይ አንዲት አሮጊት አሳዳጊ ይፈልጋሉ። ነይና እይው» አለች።

ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ነው። አሮጊቷ ሶፋ ላይ ተቀምጣ በሌላ ሰው ስም ጠራችኝ። «የቀድሞዋ ልጅ ስም ነው፤ የሚመጣውን ሁሉ በዚያው ነው የምትጠራው» አለች እትዬ። ክፍሉን አሳየችኝ። አልጋ፣ ወንበር፣ በብርሃን መውረጃ በኩል የምትከፈት ትንሽ መስኮት። የለመደብኝ ሆኖ በዓይኔ ለካሁት፤ ሁለት ሜትር በሦስት። አየር የለውም። ክፉ ክፍል ግን አይደለም፤ ንጹሕ ነው፤ ጣራውም አያፈስም። ለእናቴ በየወሩ የሚላከውን ገንዘብ አሰብኩት። ዋሸሁ ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ልቤ እዚያች አልጋ ላይ ለአምስት ደቂቃ ያህል ቁጭ ብሏል።

«እስከ እሑድ ላስብ» ብያት ወጣሁ። እትዬ እስከ አውቶቡሱ ሸኘችኝ። ትኬቴን ራሷ አስመታችልኝ።

ሰባት

ማደሪያችን መነኮሳይያት የሚያስተዳድሩት የእንግዳ ማረፊያ ነው፤ ማታ አምስት ሰዓት ላይ በሩ ይዘጋል። ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። አንድ ጊዜ የእናቴ ባልዲ፣ አንድ ጊዜ የመምህራችን ፊርማ እየመጣ ያስነሣኛል። እሑድ ጠዋት ለእትዬ ደውዬ «እመለሳለሁ» አልኳት። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። ያቺ አሮጊት በሌላ ሰው ስም ስትጠራኝ «አቤት» ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። እሱ ነው ያስፈራኝ። እትዬ ትንሽ ዝም አለችና «ለእናትሽ የማስቀምጠው መልእክት አለ፣ ሳትሄጂ እለፊ» አለችኝ። ሁለት ኪሎ ቡና የመሰለኝ ስጦታ አምስት ጥንድ ካልሲና አንድ ሽቶ ሆኖ ተገኘ።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ሻንጣችንን ይዘን ሳሎን ወረድን። መምህራችን ቆጠረን። ሰባት። እንደገና ቆጠረ። ሰባት። ያ ዝምተኛው ልጅ የለም። ክፍሉ ስንሄድ አልጋው ተነጥፏል። የሠራቸውን ንድፎች በሥርዓት ጠረጴዛው ላይ ደርድሯቸዋል። ከላይ «ጋሼ ይቅርታ» የሚል ጽሑፍ አለ።

ሁላችንም ቀልደኛው ይቀራል ብለን ስንጠረጥር ነበር። እኔን የጠረጠሩም እንደነበሩ በኋላ ሰማሁ። መምህራችን አልተቆጣም፤ ብቻ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ቀኝ እጁን እያሸ ቆየ። «እጄን አደከማችሁት» ያለው ትዝ አለኝ። አውሮፕላን ጣቢያ እስክንደርስ ማንም አላወራም።

ቦሌ ላይ እናቴ ስታየኝ «መጣሽ?» አለች። ሳቀች፤ ዓይኗ ግን ከሳቋ ጋር አልነበረም። ወረቀቷን መለስኩላት። ማታ ቡና ተፈልቶ ስለ እትዬ ነገርኳት፤ ሽንኩርቱን፣ ሦስቱን አሮጊቶች፣ ሻንጣውን። እናቴ ሲኒዋን አስቀመጠችና «ይህን እኮ በስልክ ነግራን አታውቅም» አለች። በዚያ ክረምትም ሦስቱን ባልዲ ደረደርን።

በተከታዩ ዓመት ጋባዡ ትምህርት ቤት ግብዣውን ተወው። ከእኛ በታች ያሉት ልጆች ንድፋቸውን አዘጋጅተው፣ ፓስፖርት አውጥተው ነበር። አንዲቱ ኮሪደር ላይ አግኝታኝ «እናንተማ አያችሁ» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ልጁስ? በስድስተኛው ወር ጻፈልኝ። ጀርመን ደርሶ ጥገኝነት ሲጠይቅ አሻራው ላይ የጣሊያን ቪዛ ወጣበትና ወደ ጣሊያን መለሱት። «የፓንቴዮንን ንድፍሽን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ» አለኝ። ያለው እዚያው ሮም ነው፤ ፓንቴዮን በእግር የሚሄድበት ነው! ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ላክሁለት። እንድፈርድበት አትጠብቁ፤ የእነሱ ቤት ባልዲ አምስት ነው።

ለምትሄዱ

ከዚህ ሁሉ በኋላ የምመክራችሁ ትንሽ ነው።

አንደኛ፣ ውሳኔውን እዚህ ጨርሱት። በቦሌ ሹክሹክታ አይሆንም፤ እናትና አባት ባሉበት፣ ቃሉን እስከ መጨረሻው አውጥታችሁ ተነጋገሩ። «ካመቸሽ» ብላ የጀመረች እናት ሌላውን እንድትጨርሰው ጠይቋት።

ሁለተኛ፣ ፊርማችሁን ማን እንደፈረመላችሁ፣ ከኋላችሁ ማን እንደተሰለፈ እወቁ። ልትቀሩ ከሆነም ዕዳው የማን እንደሆነ እያወቃችሁ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ከሐውልቱ ሁሉ በፊት እዚያ የሚኖር የአገራችሁን ሰው በዕረፍት ቀኑ አግኙት። የከተማዋን ፊት በካሜራችሁ ታነሡታላችሁ፤ ጀርባዋን የሚያሳያችሁ ግን እሱ ነው። ስትለያዩም ሽንኩርት ስንት እንደገባ ሳትነግሩት አትምጡ።

አራተኛ፣ ቡናችሁን ቆማችሁ ጠጡ። ትኬታችሁን አስመቱ።

በነገራችን ላይ ባለፈው እሑድ እትዬ ደወለችልኝ። አራተኛዋ አሮጊት ሞታባት ሻንጣዋን እያሰረች ነበር። «ወደየት?» ስላት «ገና አላወቅሁም» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ «እስኪ ንገሪኝ፣ ያ ኮሎሲየም ውስጡ ምን ይመስላል?» አለችኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ነገርኳት።